ያዝ! ልቀቅ! ርገጥ!

ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪናህን ጎማ ፈትተህ ከቆምክ ሰፈሩ በሙሉ መካኒክ ነው። በሬ ሻጩ፣ ጡረተኛው፣ ገበያ የምትሄደው ሴትዮ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያያል። ካየ በኋላ ዝም ብሎ አይሄድም።

የኔዋ ዲኤክስ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው፣ በግንድ ተደግፋ አክስቴ ግቢ ውስጥ ቆማለች። የፍሬን ቱቦዎቿ አርጅተው ተሰነጣጥቀው ነበር። አዲስ አበባ መመላለስ ደግሞ አለብኝ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ያንን ቁልቁለት ያውቀዋል፤ ሽታው ራሱ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ ከሶማሌ ተራ አዲስ ቱቦ ገዝቶ በአውቶብስ ላከልኝ። እንደ ድሮው ከጎማ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ላዩ በማይዝግ ሽቦ የተጠለፈ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ቶሎ አይነፋም፣ ፔዳሉም ጠንከር ይላል ይባላል። አክስቴ ከካርቶኑ ሲወጣ አይታ፣ «ለመኪና ነው ለአንገት?» አለችኝ።

መካኒኩ ገጠመው። ዘይት ሞላን። ፔዳሉ ተረገጠ። ከካሊፐሩ፣ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል፣ ሥር ጠብ... ጠብ...

ምክሩም አብሮ መንጠባጠብ ጀመረ። የአክስቴ ባል ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። «ይጥበቅ!» አሉ።

«ጠብቋል ጋሼ።»

«ይጨመርበት!»

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጎረቤታችን ደግሞ ካሊፐሩ ሞቷል ብሎ ፈረደ። የሚንጠባጠበው ከእሱ ሥር ነዋ! በመሐል አንድ መሪጌታ ሲያልፉ ቆም አሉ። የቅኔ መምህር ናቸው። ጠብታውን አዩና «የወረደ ሁሉ ከታየበት አልተነሣም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ሰው ወርቁን ፍለጋ ይገባል። እኛም ገባን። መካኒኩ ግን ሰሙ ብቻ በቃው። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በጨርቅ አድርቆ፣ እያንዳንዳቸውን በነጭ ሶፍት ጠቀለላቸው። ፔዳሉ ተረገጠ። የራሰው ከላይ፣ ቱቦው ካሊፐሩን የሚይዝበት ባለ ቀዳዳ ቡሎን ጋ ያለው ሶፍት ነው። ዘይቱ ከዚያ ተነሥቶ፣ ካሊፐሩን ታክኮ ወርዶ ነበር እታች የሚንጠባጠበው።

እዚያ ቡሎን ላይ ሁለት የመዳብ ሮንዴላዎች አሉ፤ አንዱ ከቱቦው ራስ በላይ፣ አንዱ በታች። ዘይቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ መዳቡ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይዘጋል። ከአዲሱ ቱቦ ጋር ግን ሮንዴላ አልተላከም። መካኒኩ የድሮዎቹን መልሶ አስገብቶ ነበር። አንዴ የተጨፈለቀ መዳብ ደግሞ ይደርቃል፤ ብታጠብቀውም አይታዘዝም። አብዝተህ ካጠበቅህ የሚበጠሰው ቡሎኑ ነው።

መካኒኩ አዲስ ሮንዴላ ፍለጋ ሱቅ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ከቤት አንድ ጥቅል ቴፍሎን ይዘው የወጡት። እኔ ጨርቅ አምጥቼ ስመለስ ቡሎኑ እንደ ሕፃን ተጠቅልሏል።

መካኒኩ ተመልሶ ሲያየው ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ አይደለም እኮ! በኃይል ሲረገጥ ግፊቱ ከ100 ባር ያልፋል። ደግሞ ጥርሱ አይደለም ዘይቱን የሚይዘው። የቴፍሎኑ ቁራጭ ውስጥ ከገባ መስመሩን ይዘጋዋል።» ጋሼ ቅር እያላቸው ፈቱት። «የከተማውን ውሃ ይዞ የኖረ ቴፍሎን ነው» አሉ።

ልኩ የሆነ ሮንዴላ ገበያው ውስጥ አልተገኘም። መካኒኩ ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ ያረፈው አክስቴ የቡና ከሰል ላይ ነው። ጀበናው ተነሣ፣ ሮንዴላዎቹ ገቡ። መዳብ ፍም እስኪመስል ግሎ ከቀዘቀዘ እንደገና ይለሰልሳል። አክስቴ እያራገበች «ሁለተኛው ቡና በናንተ ምክንያት ቀረ» ትላለች። መካኒኩ ሮንዴላዎቹን አጸዳድቶ ገጠመ። ይህ ለጊዜው ነው፤ አዲስ ሳታስገባ ዓባይ በረሃ እንዳትወርድ ብሎ አስማለኝ።

ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት ነበር። የአክስቴ ልጅ መሪው ጋ ተቀመጠ። «ርገጥ! ያዝ!» ሲባል ረግጦ መያዝ አለበት፤ መካኒኩ የአየር ማውጫውን ከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ «ልቀቅ!»። ሳይዘጋ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል።

«ርገጥ! ያዝ!» አለ መካኒኩ።

ልጁ ያዘ። የግቢው ውሻ ቡቺም ተነሥቶ የአይሱዙውን ሹፌር ሱሪ ያዘ። ሹፌሩ ጮኸ። ልጁ ደንግጦ ለቀቀ። አየሩ ገባ። ቡቺ ግን አልለቀቀም።

ቡቺ ታሰረ፣ ሥራው እንደገና ተጀመረ። በዚህ ግርግር አንድ ሰው ዘይት የነካ ጨርቅ መከላከያው ላይ ጥሏል። ፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ዘይቱ ቶሎ በውሃ ቢታጠብ ይለቅ ነበር፤ ያየነው ግን ቀለሙ አብጦ ከተነሣ በኋላ ነው። ማን እንደጣለው እስካሁን የሚናገር የለም። ብቻ ማታ ላይ ፔዳሉ ጠነከረ፣ ሶፍቱም ሳይርስ ቀረ። ጎማዎቹን አሰርን፤ ቡቺም ተፈታ።

ጠዋት አክስቴ በጩኸት ቀሰቀሰችን። የግራው የፊት ጎማ ሥር ርሷል!

ጋሼ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቀድመው ደረሱ። ትናንት መካኒኩ የፍሬን ዘይት እንዴት እንደሚለይ ሲነግረን ሰምተዋል። ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ነከሩ። አሻሹት። «አያዳልጥም» አሉ። አሸተቱት። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ደግመው አሸተቱት።

ቡቺ ይሄኔ ከቤቱ ጀርባ መጣ። ሁላችንንም አየን። ወደ ቀኙ ጎማ ሄደና እግሩን አነሣ።

ጋሼ ጣታቸውን ከጋቢያቸው አርቀው ያዙ። «ውሃና ሳሙና አምጪልኝ» አሏት አክስቴን።

«ቴፍሎንስ አላስፈለገም?» አለቻቸው።