የማኅበረ ምዕመናናችንን ዜና በየወቅቱ እንዴት እንደምሰበስብ

በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአንዲት ማኅበረ ምዕመናን ውስጥ ዜና የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎች ይህን ሥራ ሲሰጡኝ የነበረው የእሁድ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ የሳምንቱን ፕሮግራም ያነባል፣ የጸሎቱን ቀን ይናገራል፣ ይወርዳል። ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ከተደረገ በኋላ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። የክረምቱ የልጆች ትምህርት ሊጀመር ነው ሲባል እንሰማለን፤ እንዴት እንዳለቀ፣ ማን እንዳስተማረ፣ ስንት ልጅ እስከ መጨረሻ እንደቆየ የምንሰማው በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ላይ ነው፣ እሱም በአንድ መስመር።

ይሄ ያንገበግበኝ ነበር። ለፕሮግራሙ የጸለየ ሰው የጸሎቱን መልስ መስማት አለበት። ገንዘብ የሰጠው፣ ወንበር የደረደረው፣ ሻይ ያፈላችው እህት፣ ሁሉም። ስለዚህ ከጅምሩ ዋና ትኩረቴን ከፕሮግራሙ በኋላ ባለው ዜና ላይ አደረግኩ። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። በሌላ ቤተ እምነት ያላችሁም ብትሆኑ ብዙው የሚሠራላችሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የዓመቱን ቀናት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበረብኝ። ጳጉሜን ላይ የልጆችን፣ የወጣቶችን፣ የመዘምራንን፣ የሴቶችንና የዲያኮኒያን (የተቸገሩትን የመርዳት) አገልግሎት የሚመሩትን ሰበሰብኩና "እስከ ነሐሴ ምን ምን አላችሁ?" አልኳቸው። ሲናገሩ እየጻፍኩ ትልቁን ወረቀት ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ገና ከመለጠፉ ወጣቶቹና መዘምራኑ ለአንድ ቅዳሜ አንድ አዳራሽ እንደያዙ ታየ። እዚያው ተነጋግረው ተስማሙ። ይሄ ብቻውን ለስብሰባው ይበቃ ነበር።

የማይለወጡ የሚመስሉ ቀናትንም በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። የተሐድሶ ቀንን እንውሰድ። ማርቲን ሉተር የዘመኑን ቤተ ክርስቲያን አሠራር የተቸባቸውን 95ቱን ነጥቦች በዊተንበርግ ይፋ ያደረገበት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ነው። በእኛ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች ግን ጥቅምት 20 ይሆናል። ገናም እንዲሁ ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 ይመጣል። በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያ ይሆናል። ባነር ከመታተሙ በፊት ይህን ማየት ገንዘብ ያድናል።

ከእነዚህ ጋር ሁለት የራሳችንን ቀኖች ጨመርኩ። አንዱ ጥር 13 ነው። መካነ ኢየሱስ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆና የተመሠረተችው በዚያ ቀን በ1951 ነው። ሌላው ሐምሌ 21። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 በዚያ ቀን በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ወጣቶቻችን ስማቸውን ያውቁታል፣ ታሪኩን ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ያነበብኩ እሁድ አንዲት እናት ከፕሮግራም በኋላ እጄን ይዘው "ልጄ፣ እኔ እኮ ያኔ ነበርኩ" አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ በየቤቱ ሲጸልዩ መዝሙሩን ከንፈር በማንቀሳቀስ ብቻ እንዴት ይዘምሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ በየወቅቱ አንድ አረጋዊ ወይም አረጋዊት ይዤ በስልክ እቀዳለሁ። በዜናው መጨረሻ ላይ ትንሽ ቦታ እሰጠዋለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

አሁን ወደ ክረምቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልጆች ቤት ይውላሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመጣሉ። ለከተማ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የበለጠ የሥራ ጊዜ የለም። ልጆች ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ይማራሉ፣ ከሰዓት ወጣቶች ይሰበሰባሉ፣ መዘምራን ለአዲስ ዓመት ይለማመዳሉ። በገጠር ያሉት ማኅበረ ምዕመናን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፤ ትልልቅ ጉባኤዎች እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው የሚበዙት። ስለዚህ የከተማና የገጠር ዜና በአንድ ጊዜ አይመጣም። በነሐሴ ከገጠር ዜና ጠፋ ብሎ አገልግሎቱ ቆመ ማለት ልክ አይደለም። ክረምት ላይ የከተማውን እሰበስባለሁ፣ በበጋ የገጠሩን።

የክረምት ቀረጻ የራሱ ጣጣ አለው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ አይሰማም። እኔ አስተማሪዎቹን የማናግረው ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው። አንድ ቀን ከመግቢያው በረንዳ ላይ ቆሜ አንዲት ቦቲ ያደረገች ትንሽ ልጅ ዮሐንስ 3፥16ን በቃሏ ስትል ቀዳሁ። "በእርሱ የሚያምን ሁሉ የዘላለም ሕይወት እንዲኖረው እንጂ እንዳይጠፋ" አለችና ቀጥ አለች። ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ "እግዚአብሔር አንድያ ልጁን!" ብለው ጮኹላት። ሳቀችና እስከ መጨረሻው ወረደችው። እናቷን ጠይቄ ፈቀዱልኝ፣ በቴሌግራም ቻናላችን ላይ ለቀቅኩት። በቀጣዩ ሳምንት የተመዘገቡ ልጆች አሉ፣ ወላጆቻቸው ያንን ሰምተው የመጡ። "የልጆች የክረምት ትምህርት በደማቅ ሁኔታ እየተካሄደ ይገኛል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ስለ አጠያየቅም ላንሳ። አገልጋይን "ፕሮግራሙ እንዴት ነበር?" ካላችሁት መልሱ አንድ ነው፦ "በጣም ተባርከናል፣ ክብር ለጌታ ይሁን።" እውነቱን ነው፣ ግን ከዚያ ዜና አይወጣም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በፊት መጥቶ የማያውቅ ማን መጣ? በሦስተኛው ቀን ምን አስተማራችሁ? ምን አለቀባችሁ፣ ምን አነሰባችሁ? የትኛው ልጅ አስቸገራችሁ? እንዲህ ስትጠይቁ ሰው ዓይኑ ይበራል፣ ማውራት ይጀምራል። ደግሞ መሪውን ብቻ አትጠይቁ። ጥበቃው፣ የምታጸዳው እህት፣ ድምፅ ማጉያውን የሚይዘው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉንም ያያሉ። የጸሎት ቡድኑ ሌሊት ላይ ስንት ሰው ይዞ እንደሚያድር ያወቅኩት ከጥበቃው ነው።

ካስቸገሩኝ ነገሮች አንዱ የስም ዝርዝር ነው። ዜናችን ሲጀምር የክብር እንግዶች ስምና ማዕረግ ግማሽ ገጽ ይይዝ ነበር። እኔ የሆነውን ነገር አስቀድሜ እንግዶቹን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ አወረድኳቸው። አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና "ልጄ፣ ቄሱን መጀመሪያ መጥራት አክብሮት ነው" አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ አክብሮት ነው። ቁጭ ብለን ሁለቱንም ዓይነት አነበብንላቸው። "ሰው እስከ መጨረሻው የሚያነበው የቱን ነው?" ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና "እሺ፣ ግን ስማቸው እንዳይጠፋ" አሉ። አይጠፋም። በሙሉ ማዕረጋቸው ይጻፋል፣ ቦታው ነው የተለወጠው። ከአባቶች ጋር እንዲህ ተነጋግሮ መግባባት ይቻላል፣ ብቻ ሳያማክሯቸው መለወጥ ደግ አይደለም።

የማይጻፈውን ማወቅ ከሚጻፈው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በበዓል ሰሞን የዲያኮኒያ አገልግሎት ዱቄትና ዘይት ሲያከፋፍል የተቀባዮችን ፊት አላነሳም። በፍጹም። ጌታ ራሱ ምጽዋትን በስውር አድርጉ ብሏል፣ ማቴዎስ 6 ላይ። የተሰጠውን መጠንና ለስንት ቤተሰብ እንደደረሰ እጽፋለሁ፣ የተደረደረውን ከረጢት ፎቶ አነሳለሁ፣ በቃ። አዲስ አማኝ ሲጠመቅም ቤተሰቡ ያላወቀ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ከመልቀቄ በፊት ራሱን ብቻውን እጠይቀዋለሁ፣ ሰው ፊት ከጠየቅከው እምቢ ማለት ይከብደዋል። የልጆችን ደግሞ ወላጅ ይፈቅዳል።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው የሞት ዜና ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በአካል ተሂዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሩቅ ያለች እህት የወንድሟን ሞት ከቤተ ክርስቲያን ቻናል ላይ ብታነብ ያ ቁስል አይሽርም። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው "ለሁሉም ተነግሯል" እስኪለኝ ድረስ አንድ ቃል አልለቅም። "ፈጥነህ አልነገርከንም" ብለው የሚቆጡ አሉ። ይቆጡ።

ስለ ማዳረስ ትንሽ ልበል። ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ የሌላቸውና ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች አሉን። ለእነሱ ዜናውን በድምፅ እቀዳለሁ፣ የቤት ኅብረት መሪዎች በሳምንቱ ስብሰባ ያሰሟቸዋል። አንድ ቅጂ ደግሞ ታትሞ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው የማዘጋጀው፣ ሁለቱም የአምልኮ ፕሮግራም ስላለን። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ያሳተመው በአውሮፓውያን 1899 ነው፤ እንዲህ ዓይነት አባት ያላት ቤተ ክርስቲያን ዜናዋን በአንድ ቋንቋ ብቻ ማውራት የለባትም። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን የሚያስታውሱ አረጋውያንም አሉን። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1955 ከአዲስ አበባ ስርጭት የጀመረበት ጣቢያ ነው፣ በብዙ ቋንቋ ያስተላልፍ ነበር፤ ደርግ በ1969 ወረሰው። የድምፅ ዜናውን የጀመርኩት እነሱ "ያኔ በሬዲዮ እንሰማ ነበር" እያሉ ሲያወሩ ሰምቼ ነው።

ስለ ገናና ፋሲካ ብዙ አልልም። ያን ጊዜ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ፎቶ ሞልቷል፣ የእኔ ሥራ መምረጥ ብቻ ነው። ስቅለት ቀን ግን ምንም አልለጥፍም። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ቁጭ ብዬ እጸልያለሁ።

የቀረው ትልቁ ነገር ተመልሶ መጠየቅ ነው። በበጋ ጉባኤ ላይ "ይህን ያህል ሰው ጌታን ተቀበለ" ይባላል፣ እልል ይባላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ። ቁጥሩን ግን የምወስደው ስም ከመዘገቡት አገልጋዮች ነው፣ ከመድረክ ከሚነገረው አይደለም። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቼ ወደ ወንጌላዊው እደውላለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ ትምህርት ጀመሩ? ማን ይከታተላቸዋል? ርቀው የሄዱትን ማን ጎበኛቸው? መልሱን፣ ትንሽም ቢሆን፣ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይሄ ወቀሳ የመሰላቸው አገልጋዮች ነበሩ። አንዱ ወንጌላዊ ግን ስደውልለት "ወንድሜ፣ መጠየቅህ ራሱ ደግ ነው፣ እኔ ብቻዬን ሰባት ቦታ ነው የማዳርሰው" አለኝ። ያንን እሱ ፈቅዶልኝ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ወር ከእኛ ወጣቶች ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውት መሄድ ጀመሩ፣ የትራንስፖርታቸውን ደግሞ የሴቶች አገልግሎት ቻለ።

ወደ ሲኖዶስ (በየአካባቢው ያሉ ማኅበረ ምዕመናንን ወደሚመራው የቤተ ክርስቲያናችን አካል) የምልከው ከዚህ ሁሉ ተጨምቆ የወጣ ነው። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ስንት ሰው፣ አንድ ፎቶ ከነማብራሪያው። ዋናውን ጽሑፍና ድምፁን በየዓመቱ ፋይል ከፍቼ በቢሮው ኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ስልኬ ላይ ብቻ አልተወውም። ዘንድሮ ሁለት ወጣቶችን እያስለመድኩ ነው። አንዷ የልጆቹን ዜና ሙሉ በሙሉ ይዛዋለች፣ ሌላው አረጋውያኑን ይቀዳል። ጳጉሜን ላይ ትልቁን ወረቀት ግድግዳው ላይ የሚለጥፉት እነሱ ናቸው።