ከእናት መርከብ የወረደች ታንኳ

እትዬ ሻንጣችንን እስከ በር ሸኝተው ለባለቤታቸው አንድ ነገር ብቻ ነገሯቸው፦ «መሬት ረግጠህ ሳትደውልልኝ አንዲት ሽንኩርት አልልጥም።» ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው መኪናው ውስጥ ገቡ። ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሁለቱን ካያኮቻችንን፣ ማለትም ጠባብ የፕላስቲክ ታንኳዎቻችንን፣ ጣሪያው ላይ አስረን፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ ሲቲ ሃይትስ ካለው ሠፈራችን ወደ ፖይንት ሎማ ወደብ ነዳን።

ጋሼም እኔም የባሕር ዳር ልጆች ነን፤ እሳቸው በሃያ ዓመት ይበልጡኛል። ሳንዲያጎ ውስጥ ዓሣ ማጥመድ የጀመርነው ሼልተር አይላንድ ላይ ወደ ውኃው ከሚገባው ድልድይ ነበር። በካሊፎርኒያ ከእንደዚህ ዓይነት የሕዝብ ድልድይ ላይ ለሚያጠምድ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልጠቁመውም። ቆይተን ካያክ ገዛን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከላሆያ ዳርቻ መውጣት ጀመርን። ስለ እናት መርከብ የሰማነውም እዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካያክ ትንሽ ናት፤ ሰው ከዳርቻ ተነስቶ በገዛ ጉልበቱ ደርሶ ሊመለስ የሚችለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ትልቅ መርከብ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል እንጂ ዐለት ሥርና የባሕር አረም መካከል መግባት አይሆንለትም። ስለዚህ መርከቧ ካያኮቹን፣ ሰዎቹን፣ ምግቡንና ነዳጁን ጭና ሩቅ ደሴት ድረስ ትወስዳለች። ጧት ካያኮቹን ውኃ ላይ ታወርዳቸዋለች፤ ማታ ትሰበስባቸዋለች። ሌሊቱን ሁሉም እሷው ሆድ ውስጥ ያድራል። እናት መባሏ ይገባታል።

የምንሄደው ሜክሲኮ ውሃ ውስጥ ወዳለው ሴድሮስ ደሴት ነበር። ከሳንዲያጎ ወደ 280 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ፓስፖርት፣ የሜክሲኮ የማጥመድ ፈቃድና የጥብቅ ክልሉ መግቢያ ያስፈልጋል፤ በዚያ የባሕር ዳርቻ ያሉትን ደሴቶች የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠበቀ ክልል አድርጓቸዋል። ሕጉ አንድ ሰው በቀን ከ10 ዓሣ በላይ፣ ከአንድ ዓይነት ደግሞ ከ5 በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። የጣና ነጭ ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ ሊወልድ ሲሰበሰብ መረብ እየተዘረጋበት እንዴት እንደተመናመነ ያየ ሰው ልክ ሲበጅ ደስ ይለዋል።

ከወደቡ መውጫ ላይ መርከቧ ቆመች። እዚያ ተንሳፋፊ ቀፎዎች አሉ፤ ሕይወት ያለው ሰርዲን የሚሸጥባቸው። ረዳቶቹ በመረብ እየጨለፉ ውኃ በሚዘዋወርበት ገንዳ ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ በሰዓት 10 ኖቲካል ማይል ያህል ወደ ደቡብ፣ ያን ቀን፣ ሌሊቱን፣ ማግስቱን። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ባሕር ነው፣ ደግሞም ባሕር።

ሴድሮስን ያየናት በማግስቱ ሲመሻሽ ነው። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ከ1000 ሜትር በላይ የሚወጣ ቡናማ ተራራ ነው፤ ጭጋግ አናቱን ይዞታል፤ ጭጋጉን እየጠጡ የሚኖሩ ጥዶች ሸንተረሩ ላይ አሉ። በደቡብ በኩል ነጭ የጨው ክምር ይታያል። ከጌሬሮ ኔግሮ የጨው ማምረቻ በጀልባ እየተጎተተ መጥቶ ለትላልቅ መርከቦች የሚጫነው እዚያ ነው።

ጎህ ሲቀድ ካያኮቹ መውረድ ጀመሩ። ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ቅጽበት ይህ ነው እላለሁ። ሁለት ረዳቶች ካያኳን ከፊትና ከኋላ በገመድ ይዘው ከመርከቧ ጎን ውኃው ላይ ያሳርፏታል። ማዕበሉ ሲያነሳት እግሬ ሥር ትደርሳለች፤ ሲያወርዳት አንድ ሜትር ተኩል ትርቃለች። መዝለል የለም። የመርከቧን ብረት በአንድ እጅ ጨብጠህ፣ ካያኳ ወደ ላይ ስትመጣ ትጠብቅና ጫፍ ላይ ስትደርስ መቀመጫዋ መካከል ቁጭ ትላለህ። ዘግይተህ ከተነሳህ እግርህ አየር ላይ ይቀራል። ቁጭ እንዳልክ ረዳቱ መቅዘፊያውን፣ የማጥመጃ ዘንጉን፣ በባትሪ የምትሠራውን ትንሿን የሰርዲን ገንዳ በተራ ያቀብልሃል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብስ፣ ቪኤችኤፍ ራዲዮና ፊሽካ ደረቱ ላይ ሳያስር ማንም አይወርድም። ካፒቴኑ ራዲዮዎቻችንን አንድ በአንድ እያስጮኸ ፈተሸ።

ከዚያ ጸጥታ ነው። ሞተር የለም። የእኔ ካያክ በእግር ፔዳል የምትሄድ፣ ከሥሯ እንደ ፔንግዊን ክንፍ የሚራገቡ ሁለት መቅዘፊያዎች ያሏት ናት፤ ይህን አሠራር የካሊፎርኒያው ሆቢ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው ያመጣው። እጅ ነፃ ስለሚሆን ለአጥማጅ ትልቅ ነገር ነው። ጋሼ ግን መቅዘፊያ አይለቁም። ካያኳ ላይ ከወገባቸው ቀጥ ብለው፣ እግራቸውን ዘርግተው ሲቀዝፉ ሳይ፣ እንጨት ጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣ ባለ ታንኳ ነው የታየኝ። ከደንገል የተሠራችዋ ታንኳና ይቺ የፕላስቲክ ካያክ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ የተቀመጥከው ውኃው ላይ ነው፤ እጅህን ብትዘረጋ ትነካዋለህ።

የምንፈልገው የሎውቴይል የሚሉትን ጅራተ ቢጫ ዓሣ ነው። ጀርባው ሰማያዊ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ያለው፣ ጉልበቱ ከመጠኑ የሚበልጥ። ሰርዲኑን በአፍንጫው በኩል መንጠቆው ላይ ሰክተህ ከኬልፑ ዳር ዳር በቀስታ ትጎትተዋለህ። ኬልፕ ከባሕር ወለል ተነስቶ እስከ ላይ የሚደርስ የባሕር አረም ጫካ ነው። ዓሣው ከያዘ በኋላ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ገብቶ ክሩን መበጠስ።

የመጀመሪያውን ዓሣዬን የባሕር አንበሳ ወሰደብኝ። ጎትቼ ጎትቼ ካያኳ ሥር ሳደርሰው ጥቁር ራስ ብቅ አለ፤ ክሩ ከበደ፣ ከዚያ ቀለለ። እጄ ላይ የቀረው ጭንቅላቱ ነበር። ሁለተኛው ሲይዝ ግን ሪሉ፣ ማለትም የክሩ መጠቅለያ፣ እየጮኸ ካያኳን አዙሮ ወደ ጥልቁ መጎተት ጀመረ። በመርከብ ላይ ቢሆን ቆመህ ትታገላለህ፤ እዚህ እሱ ይጎትትሃል፤ ዘንጉን ወደ ካያኳ አፍንጫ አቅንተህ አብረኸው ትሄዳለህ። ወደ ጎን ከዞረ ይገለብጥሃል። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ወደ 11 ኪሎ የሚሆን፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ጎኑ የሚያበራ ዓሣ ነበር። መርከቧ ጋ ሳደርሰው ረዳቱ የእኔን ቁጥር፣ 9ን፣ ጉንጩ ላይ መትቶ ቀዝቃዛው ጎተራ ውስጥ ከተተው።

በሁለተኛው ቀን ግን ተሳሳትኩ፤ ጉዞውን ለሚያስብ ሰው ስለሚጠቅም በዝርዝር እነግራለሁ። ጧት ጋሼ ከጎኔ እየቀዘፉ «መጀመሪያ ነፋሱን በግንባርህ ተቀበለው። ስትደክም እሱ ይመልስሃል» ብለውኝ ነበር። ሰምቻቸዋለሁ። ወደ አራት ሰዓት ግን በደቡብ በኩል ወፎች ውኃው ላይ ሲወርዱ አየሁ፤ ከሥራቸው ዓሣ አለ ማለት ነው። ነፋሱ ጀርባዬ ላይ ስለነበር ፔዳሉ ቀለለኝ፤ መፍጠኔ ራሱ ደስ አለኝ። ሁለት ዓሣ ያዝኩ፤ ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ አራቀኝ። ቀና ስል መርከቧ የክብሪት ቀፎ አክላለች። ደሴቲቱ ስትከልለው የነበረው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከጫፏ አልፌ ስለወጣሁ አገኘኝ። የማዕበሉ ራስ ነጣ።

ፊቴን አዙሬ ሩብ ሰዓት ያህል ረገጥኩ። ዳርቻው ላይ ያለ አንድ ቀይ ዐለት ምልክት አድርጌ ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ዐለቱ እዚያው ከጎኔ ነው። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ራዲዮውን አነሳሁና «ቁጥር 9 ነኝ፣ መመለስ አልቻልኩም» አልኩ። ካፒቴኑ ረጋ ብሎ ጉዳት እንዳለብኝ ጠየቀኝ፤ ከዚያ «ኬልፕ አጠገብህ አለ? ያዘው፤ አትርገጥ፤ ጠብቅ» አለኝ።

አጠገቤ የኬልፕ ጫፍ ተንሳፍፎ ነበር። እጄን ሰድጄ ሦስት አራት ግንድ ሰብስቤ ጭኔ ላይ አጋደምኳቸው። እንደ ጠፍር የሚያንሸራትቱ፣ ቅጠላቸው ሥር ትንንሽ የአየር ፊኛ ያለባቸው ናቸው። ካያኳ ዞራ አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጠችና ቆመች። ከሥሬ ሃያ ሜትር ያህል ወርዶ ዐለት የጨበጠ ተክል ነው ያን ሁሉ ነፋስ የሚቋቋመው። አንዲት ጥፍር የምታክል ሸርጣን ከቅጠሉ ወጥታ ጉልበቴ ላይ ሄደች። ዓሣ አላሰብኩም፤ ሸርጣኗን እያየሁ ትንፋሼ ተመለሰ።

ከመርከቧ የተላከችው የሞተር ጀልባ ስትደርስ ፊቷ ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። ካፒቴኑን ለምነው ነው የመጡት። ምንም አላሉም። የካያኳን ገመድ ተቀብለው አሰሩ፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉ፤ መርከቧ ጋ እስክንደርስ እጃቸው ከገመዱ አልተለየም። ማታ ግን፣ አብሳዩ ጥሬውን የሎውቴይል በስሱ ቆርጦ ከሎሚ ጋር ሲያቀርብ፣ ከሻንጣቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ነሰነሱበትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ። «ቶሎ መጥራትህ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከጎናችን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሚጥሚጣውን ቀምሰው ሣህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

በመጨረሻው ጧት ሁለታችን ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልያዝንም። ከዚያ በአንድ ጊዜ የሁለታችንም ዘንግ ጎበጠ። ጋሼ እየተጎተቱ በአጠገቤ ሲያልፉ በጎጃምኛ ሲፎክሩ ሰማኋቸው፤ አሥር ዓመት ሳውቃቸው ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። ስንጨርስ መቅዘፊያውን አጋድመን ነፋሱ ራሱ ወደ መርከቧ ወሰደን።

ፖይንት ሎማ ስንደርስ ዓሣዎቹ በቁጥር እየተጠሩ በጋሪ ተከፋፈሉ። 8 የጋሼ፣ 9 የእኔ። ጋሼ በመውረጃው መሰላል ወርደው፣ ሁለቱንም እግራቸውን ሲሚንቶው ላይ አስተካክለው ቆሙና ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ሽንኩርቱን ላጪ» አሉ።