ወስፌና ታኮያኪ

ሂራጋና የሚባለውን የጃፓን ፊደል መማር የጀመርኩት የአሳማ ሥጋ ፈርቼ ነው። ባለቤቴ ለሦስት ወር ሥልጠና ቶኪዮ ሄዶ ነበርና እኔና የአምስት ዓመቷ ሚጡ ግንቦት ላይ ለአሥር ቀን ልንከተለው ተነሣን። ወሩን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። የቀረው ጭንቀት አሳማውና ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር ነው። (ስለ አራጁ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ እሱን ውጭ ሀገር ስንወጣ ዐይናችንን ጨፍነን እናልፋለን።)

ፊደሉ ከፈራሁት በላይ ቀለለኝ። መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው፤ እንደ እኛው ተነባቢና አናባቢው በአንድ ምልክት ይጻፋል። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ይላል፤ አምስት ብቻ። የሚያስቸግረው መልካቸው አለመዛመዱ ነው። የኛን «ከ» ያወቀ «ኩ»ን በቅጥያዋ ይገምታል፣ እዚያ ግን እያንዳንዱን ለብቻው መሸምደድ ነው። ማታ ማታ ሚጡ ሀ ሁ ስትል እኔ አጠገቧ አ ኢ ኡ ስል ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የፈለግኳቸው ቃላት ጥቂት ነበሩ፦ ታኮ ኦክቶፐስ፣ ኤቢ ሽሪምፕ፣ ቶሪ ዶሮ፣ ቡታ አሳማ። ቡታ ግን ብዙ ጊዜ በካንጂ፣ ማለትም ከቻይና በመጣው ምልክት ስለሚጻፍ እሱን አንዱን ስልኬ ላይ ፎቶ አድርጌ ያዝኩት።

በሁለተኛው ቀን ወደቅሁ። ቶኪዮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ በር ላይ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ ይሸጣል። ስሙ ኒኩማን ነው። ኒኩ ሥጋ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የአሳማው ምልክትም የትም የለም። በኩራት ሁለት ገዛሁ። ባለቤቴ ግማሹን ከጨረሰ በኋላ ማኘኩን አቆመና «ይኼ ነገር ጣፋጭ አልሆነብሽም?» አለኝ። ስንጠይቅ አሳማ ነው። በኋላ አብሮት የሚሠለጥን የኦሳካ ሰው እየሳቀ አስረዳን፦ በነሱ አካባቢ ኒኩ ሲባል የበሬ ሥጋ ነው፣ ስለዚህ ይኼንኑ ዳቦ ቡታማን ብለው በግልጽ ይጠሩታል። ቶኪዮ ላይ ግን ኒኩማን ብሎ ዝም ነው። ከዚያ ወዲያ ማንበቡን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ፦ «ቡታኒኩ ሃይቴማስ ካ?» የአሳማ ሥጋ አለበት ወይ ነው። ሚጡ ከእኔ ቀድማ ሸመደደችው። ከረሜላ ሻጩን ሳይቀር ጠየቀችው።

አሳኩሳ የሚባለው የቶኪዮ ሰፈር የደረስነው በግንቦት አጋማሽ በሚከበረው የሳንጃ በዓል ነበር። ሰዎች ከባዱን ተሸካሚ ቤተ መቅደስ በትከሻቸው ይዘው ይጮኻሉ፣ ሰዉ እንደ ጥምቀት ነው፣ ልጅ ይዞ መግባት አይመከርም። እኛ ግን ገባን። ሚጡ በዕለቱ ቁርስም ምሳም እምቢ ብላ ነበር። ታይያኪ የሚጠብስ ሽማግሌ ፊት ስንደርስ ግን ከአባቷ ትከሻ ልውረድ አለች። የብረት ቅርጹ የዓሣ መልክ አለው፣ ዓይኑም ቅርፊቱም ተቀርጾበታል። ሊጡን በጆግ ያፈሳል፣ የቀይ ባቄላውን ጣፋጭ ድልህ በብረት ማንኪያ ጠፍጠፍ ያደርግበታል፣ ሌላውን ገጽ ይከድንበታል፣ ይገለብጠዋል። ሲከፍተው ከጠርዙ የተረፈውን ቀጭን ቂጣ በመቀስ ይከረክመዋል። ሚጡ ሦስት ዙር ቆማ አየች። አራተኛው ዙር ላይ ዓሣውን ተቀብላ ከጭራው ጀመረች፤ «ጭንቅላቱን አባዬ ይብላው፣ እያየኝ ነው» ብላ።

እኔ በበኩሌ ባቄላ በስኳር አልተዋጠልኝም። ባቄላን በሽንኩርትና በበርበሬ የለመድኩ ሰው ነኝ።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር ያዝኩ። ሚጡ ሳህን ላይ ተደርድሮ የሚጠብቃትን አትነካም፣ ሲሠራ ያየችውን ትበላለች። ስለዚህ መግዛቱን ትተን መጀመሪያ መቆም ሆነ። የዶሮ ጥብሱን (ያኪቶሪ፣ ዶሮና ባሮ ሽንኩርት እየተፈራረቀ በእንጨት የተሰካ) እንዲህ ነው የበላችው። «ሺዮ» ካላችሁ በጨው ብቻ ይሰጧችኋል፤ ለልጅ ከጥቁሩ ሶስ ይሻላል። እንጨቱን ነቅላችሁ ሥጋውን በወረቀት ኩባያ ስጡ፤ ልጅ እንጨት አፉ ውስጥ ይዞ ሲሮጥ ማየት ልብ ያስቆማል። ደግሞም እየሄዱ መብላት እዚያ እንደ ነውር ይታያል፤ ኪዮቶ ኒሺኪ ገበያ ውስጥ ጭራሽ እንዳታደርጉት ይጠይቃሉ። እዚያው ሱቁ ፊት ቆሞ ጨርሶ፣ እንጨቱንና ወረቀቱን ለሻጩ መመለስ ነው። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ የለም ማለት ይቻላል። ሳልለምደው አንድ ሙሉ ቀን የተጣበቀ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ዞሬያለሁ።

ኦሳካ፣ ዶቶንቦሪ የሚባለው የምግብ ሰፈር። እዚህ አለቀስን። ታኮያኪ የሚባለው ክብ ጥብስ በ1935 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በዚችው ከተማ ነው፤ በየአሥር እርምጃው ይጠበሳል። ወጣቱ በሁለት እጁ ሁለት ወስፌ ይዞ ክቡን ሊጥ ጣ ጣ እያደረገ ይገለብጣል፣ ዓይን አይከተለውም። ላዩ ላይ የሚነሰነሰው የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ በእንፋሎቱ ይወዛወዛል። ሚጡ «እማዬ፣ እየጨፈረ ነው!» አለች። ካየች ትበላለች ያልኩት ሕግ እዚህ መልሶ ያዘኝ፤ አይታለች፣ ትፈልጋለች፣ ውስጡ ግን ኦክቶፐስ አለ። አይሆንም ስላት መሬት ላይ ተቀመጠች። ቤት ስንገባ እኔ እሠራልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ባለቤቴ ውኃ ልግዛ ብሎ ጠፍቶ ሲመለስ ከንፈሩ ላይ ቡናማ ሶስ ነበረበት። እስካሁን ይክዳል።

ቃል ቃል ነውና በማግስቱ የወጥ ቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት ዶጉያሱጂ ሄድን። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ያምራል፣ ግን የጃፓን መብራት 100 ቮልት፣ የኛ 220 ነው፤ ይቃጠላል። ለጋዝ ምድጃ የሚሆነውን ባለ 16 ጉድጓድ ብረት ገዛሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ከጫማዎቹ ሁሉ የከበደ እሱ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ያለው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ብረቱን እንደ ምጣድ በጎመን ዘር አሟሸሁት። የጃፓኑ መመሪያ ዘይት ነው የሚለው፤ ጎመን ዘሩ ግን ጥሩ አድርጎ ያዘ። አንደኛው ሙከራ፦ ሊጡን እንደ ዳቦ አወፈርኩት፣ ቦንቦሊኖ ወጣ። ሁለተኛው፦ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል፣ ከሦስት መቶ ሚሊ ሊትር በላይ የዓሣ መረቅ (የመረቁን ዱቄት ከዚያ ይዤ መጥቻለሁ)፤ ከእንጀራ ሊጥ የቀጠነ ሆነ። ትክክሉ እሱ ነው። ግን ጉድጓዱን ልክ ሞልቼ አቆምኩ፣ ግማሽ ክብ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ፦ ሊጡ ከጉድጓዱ ሞልቶ ብረቱ ላይ መፍሰስ አለበት። ከዚያ ሩብ ዙር አዙሮ የፈሰሰውን ወደ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ማዞር። ውስጡ ቅቅል ድንች፣ ቺዝና ባሮ ሽንኩርት። ማዞሪያው ግን ሹካም የጥርስ እንጨትም አልሆነልኝም፤ የእናቴን ወስፌ ከመሶብ ሥራዋ መሃል ወሰድኩባት። «ልጄ፣ ይኼ መስፊያ ነው እንጂ ማብሰያ ነው?» አለችኝ። አራተኛው ላይ ከ16ቱ 11 ክብ ወጡ። ሚጡ ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ቆማ አይታ ስድስቱን በላች። እናቴ ሁለት ቀመሰችና ወስፌዋን ጠይቃ ወሰደች።

አሁን የሐዋርያት ጾም ገብቷል፤ እንቁላሉም የዓሣ መረቁም ቀረ። ትናንት በሽምብራ ዱቄትና በእንጉዳይ ውኃ ሞከርኩ። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፣ ግን ሦስቱ ብቻ ዞሩ፤ የቀሩት ጉድጓዱ ላይ ተጣብቀው በማንኪያ ፈቅፍቄ አወጣኋቸው። ብረቱን እንደገና ላሟሸው ነው።