ቢጫው ጭረት

የፋሲካ ሰሞን ነበር። ጋራዥ ከገባሁ ገና ስድስት ወሬ። ለበዓል ክፍለ ሀገር የሚወጣው ሁሉ መኪናውን ይዞ ስለሚመጣ ግቢው መቆሚያ የለውም። አንዲት እናት ብርማ ቪትዝ ይዘው ገቡ። ኋላ ወንበር ላይ እግሩ የታሰረ ዶሮ ተቀምጧል። የኋላ ፓራውልቱ ጥግ ላይ መዳፍ የሚያክል ቢጫ ጭረት አለ። ምድር ቤት ሲያቆሙ ቢጫ የተቀባ ምሰሶ ታክከው ነው።

«ለማታ ይደርስልኛል ልጄ?»

«ምን ችግር አለው እትዬ! ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ያልቃል።»

ጋሼ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ ቀለም ሊገዙ መርካቶ ሄደዋል። እኔ ደግሞ የፖሊሽ ማሽኑን ለብቻዬ የምይዝበትን ቀን ስመኝ ነው የከረምኩት።

ኮምፓውንድ፣ ጭረት የሚሞርደውን ቅባት፣ ቀባሁ። ማሽኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ተጫንኩት። ቢጫው መሳሳት ሲጀምር ደስ ብሎኝ ይበልጥ ተጫንኩ። ጥጉ ላይ ስደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ማሽኑን ሳነሳ ሳንቲም የምታክል ጥቁር ነጥብ አየሁ። በጨርቅ ብጠርጋት አትለቅም። ለካ የፓራውልቱ የራሱ ፕላስቲክ ነው። ዙሪያዋ ያለው ብርማ ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል።

ጋሼ ሲመለሱ አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ከማሽኑ የተረፈች ጣት የምታክል ቢጫ ነበረች። ጨርቅ ጫፍ ላይ ቤንዚን ጠብ አድርገው አሸት አሸት አደረጓት። ቢጫው ጨርቁ ላይ ቀረ። ብርማው እንደነበረ አለ።

«ምኑን ነው የሞረድከው? የምሰሶው ቀለም እኮ ነው የተለጠፈው።»

ከዚያ ሌላ ጭረት ላይ ጥፍሬን አስጎተቱኝ። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው፣ ፖሊሽ አያወጣውም። ካልያዘ ውሃ ይረጭበታል። ሲረጥብ ድራሹ ከጠፋ ጭረቱ ክሊሩ ላይ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ባለው መስታወት መሳይ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ ባለ 2000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ቀጥሎ ፖሊሽ፣ በቃ።

ብረት ሙቀቱን ይበትነዋል። ፕላስቲክ ግን እዚያው ይዞ ይቀመጣል፣ ቀለሙም ይበስላል። ስለዚህ ማሽኑ ዝግ ይላል፣ አንድ ቦታ አይቆምም፣ በየመሃሉ በመዳፍ እየነኩ ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ቀለሙ ስስ ነው፣ የማሽኑም ክብደት በአንዲት መስመር ላይ ያርፋል። ዛሬ ጥጎቹን በወረቀት ፕላስተር ሳልሸፍን ማሽን አላስነሳም። ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የራስ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ይበልጠዋል። የቀለም ውፍረት መለኪያ አለኝ ብላችሁም አትጽናኑ። በየጋራዡ ያለችው ሥሯ ብረት ካላገኘች ዝም ነው።

እትዬ 11 ሰዓት ላይ መጡ። ፓራውልቱ ወልቆ መሬት ተጋድሟል።

«ልጁ አበላሽቶታል። ቀለሙ በእኛ ነው፣ ከነገ ወዲያ ያገኙታል» አሉ ጋሼ።

በእኛ ያሉት ከእኔ ደሞዝ እንደሆነ ወር ሲደርስ ገባኝ።

እትዬ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ። «ታዲያ ደብረ ብርሃን በምን ልሂድ?»

በሚኒባስ ሄዱ። ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ዶሮውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።