ሞንዛ፣ የመጀመሪያው ኩርባ

ለብቻ በፍጥነት መንዳትና ከሰው ጋር መወዳደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ወራት አልከስርም ነበር። የመኪና እሽቅድምድም ጌም የምትወዱ፣ መሪና ፔዳል ገዝታችሁ ኦንላይን ልትገቡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የእኔን አንብቡ።

መሣሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። መሪውን ጠረጴዛ ላይ አሰርኩ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወንበሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ሲያስቸግረኝ ከግድግዳ ጋር አስደገፍኩት። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። መሪው ወደ እጃችሁ የሚመልሰውን ጉልበት፣ ፎርስ ፊድባክ የሚሉትን፣ እስከ መጨረሻው አትክፈቱት። የመሪው ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ሁሉም ኩርባ እኩል ይከብዳል፤ ጎማው ሊንሸራተት ሲል የሚሰጣችሁ ትንሿ ምልክት እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። ሌላው፣ ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ከመሪው በፊት ፔዳሉን አሻሽሉ። የእግርን ግፊት የሚለካ ፍሬን ከውድ መሪ ይበልጣል። እኔ በተቃራኒው ነው ያደረግኩት፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ ልምምድ። የመረጥኩት ጂቲ3 የሚባለውን የመኪና ምድብ ነው፤ ቦታው ደግሞ ጣሊያን ያለው ሞንዛ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራ መንገድ ነው። አንዱ ዙር 5.793 ኪሎ ሜትር ሲሆን ኩርባው 11 ብቻ ነው። አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል ብዬ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ለብቻዬ ዞርኩ። በመጨረሻ ከ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በታች ገባሁ። የዚያን ሌሊት ከደስታ የተነሳ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥፋቴ የጀመረው እዚያው ነው። ደህና ሰዓት ስላስመዘገብኩ ብቻ ነጂ ሆኛለሁ ብዬ አመንኩ። ጌሙ የሚሰጠውን እርዳታ ሁሉ አጠፋሁ። የት መሄድና የት ፍሬን መያዝ እንዳለባችሁ መሬት ላይ የሚያሳየውን ባለቀለም መስመር ማጥፋቴ ልክ ነበር። የጌሙ መመሪያ ለጀማሪ መስመሩን ተዉት ይላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አጥፉት እላለሁ። ዓይናችሁን መሬቱ ላይ ይተክላል፤ ኩርባውን ቀና ብላችሁ ማየት አትለምዱም። የተሳሳትኩት ሌላው ላይ ነው። ፍሬን ሲጠብቅ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስ አጠፋሁ። እውነተኛው ጂቲ3 መኪና ኤቢኤስ አለው፤ ስለዚህ ማጥፋት «እውነተኛ» አያሰኝም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ስፖኪዮና በአጠገባችሁ ያለውን መኪና የሚያሳየውን ራዳር ማጥፋቴ ነው። «እውነተኛ ነጂ ራዳር የለውም» የሚሉ ሰዎችን ሰምቼ ነው። እውነተኛ ነጂ እኮ አንገቱን ያዞራል፤ በሬዲዮ የሚያወራው ሰውም አለው። እኔ የነበረኝ አንድ ስክሪን ነው። ግራና ቀኜ ዕውር ነበርኩ።

እንዲህ ሆኜ ነው ኦንላይን የገባሁት።

ሃያ መኪና ነበርን። በሰዓት ማጣሪያው ስድስተኛ ወጣሁ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ መሪው ያንሸራትተኝ ነበር። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። የመጨረሻውን ረጅም ኩርባ ጨርሰን ዋናው ቀጥታ ላይ ስንወጣ ከፊቴ ሁለት መኪኖች ተከታትለው ነበር፤ እኔም ጭራቸው ላይ ተለጠፍኩ። ሞንዛ ላይ ይህ ቀጥታ የሚያልቀው በጣም ጠባብ በሆነ ኩርባ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ። ሁሉም ሰው ከከፍተኛ ፍጥነት ተነስቶ እዚያ ፍሬን ይይዛል።

እኔም ሁለት ወር በለመድኩት ምልክት ላይ ያዝኩ። መኪናው አልቆም አለ።

ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ዛሬ ይገባኛል። ሰው ጭራ ላይ ስትሄዱ የፊተኛው አየሩን ይከፍትላችኋል፤ ስለዚህ ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ኩርባው ጋ ትደርሳላችሁ። በዚያ ላይ ያ የተረበሸ አየር የእናንተን መኪና ወደ መሬት በደንብ አይጫነውም፤ ፍሬኑ ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ነዳጁ ገና ሙሉ ነው፣ መኪናው ከባድ ነው፣ ጎማውም በደንብ አልሞቀም። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የለመድኩት ምልክት ለእኔ በጣም የዘገየ ነበር። ለብቻዬ ያጠናሁት ምልክት ለብቻዬ ብቻ ነበር የሚሠራው።

የፊተኛው መኪና እየገዘፈ መጣብኝ። እንዳልመታው መሪውን ወደ ቀኝ አልኩት። ጓ! የሆነ ነገር ጎኔን መታኝ። ዞርኩ። ከኋላ የመጡት እኔ ላይ ተከመሩ። ከእኔ ጋር አምስት መኪና ወጣ። ስክሪኑ ላይ ቅጣት ተጻፈ፤ የጨዋነት ነጥቤ በአንዴ ወደ ታች ወረደ።

እዚህ ላይ ነጥቡ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር፤ ሳላውቅ ነው የገባሁበት። ብዙዎቹ ጌሞች ፍጥነታችሁን ለብቻ፣ ሰው ሳትነኩ መንዳታችሁን ለብቻ ይመዝናሉ። ግራን ቱሪዝሞ ስፖርት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ሁለቱን በተለያየ ደረጃ ነበር የሚያሳየው። አይሬሲንግ የሚባለው ጌም ላይ ደግሞ ከሌላ መኪና ጋር ከባድ ግጭት 4 የጥፋት ነጥብ ያስቆጥርባችኋል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ሁለቱም ይመዘገብባቸዋል። ኮምፒውተሩ አይፈርድም፣ ይቆጥራል።

እኔ ግን የተፈረደብኝ መሰለኝ። እኔን የመታኝ እሱ፣ የምቀጣው እኔ! ሪፕሌዩን፣ ጌሙ የቀዳውን የውድድሩን ቪዲዮ፣ ከፈትኩና ከራሴ መቀመጫ አየሁት። ሦስት ጊዜ አየሁት። በሦስቱም አንድ መኪና ከየት መጣ ሳይባል ከቀኝ ሲመታኝ ነው የሚታየው። ለዚያ ልጅ መልእክት ጻፍኩለት። እዚህ የማልደግመው ቃል ነበረበት። እሱ አልመለሰልኝም። ከዚያ ለውድድሩ ዳኞች አቤቱታ አስገባሁ። መመሪያው «ከመኪናህ የሚታየውን አጭር ቪዲዮ አያይዝ» ይላል። አያያዝኩ። ሁለት ገጽ ማብራሪያም ጨመርኩ።

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ጉዳዩ ታይቷል፣ ቅጣቱ ጸንቷል።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ዳኞቹ ልክ ነበሩ፤ ወደ በኋላ እንደምነግራችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? «ፍሬን ይዘህ እያለ መስመር ቀይረሃል» ቢሉኝ በቂ ነበር። ቪዲዮውን የተመለከተው ሰው ይህን በአሥር ሰከንድ አይቶታል። አየና ዝም አለ። ምክንያት የሌለው ፍርድ ትክክል እንኳ ቢሆን አያስተምርም። እኔም ተበድያለሁ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቁልቁለት ሆነ። ነጥባችሁ ሲወርድ ጌሙ እንደ እናንተ ነጥባቸው ከወረደ ሰዎች ጋር ነው የሚያሰልፋችሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚቆመው በፍሬን ሳይሆን የሰው መኪና መትቶ ነው። ትመታላችሁ፣ ነጥብ ይቀነሳል፣ ከዚያ የባሰ ክፍል ትገባላችሁ። እኔም መምታት ጀመርኩ። «ካልመታሁ እመታለሁ» የሚል ክፉ ሐሳብ ገባኝ። አንድ ቀን ከፊቴ ያለው ሰው ትንሽ ስለዘገየብኝ ብቻ ሆን ብዬ ገፋሁት። ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። መሪውን ፈትቼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት።

ሰዎች «ጌም ነው፣ ምን እንዲህ አናደደህ?» ይሉኝ ነበር። ጌም ነው፣ አዎ። ግን ያን ማርደንቦሮ የሚባለው ብሪታንያዊ እ.ኤ.አ. በ2011 በግራን ቱሪዝሞ ውድድር አሸንፎ፣ በ2013 እውነተኛው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ነድቷል። እኔ እዚያ እደርሳለሁ አላልኩም። የለፋሁበት ነገር ስለሆነ ነው ያመመኝ።

መሪው ካርቶን ውስጥ አምስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያንን ሪፕሌይ እንደገና ከፈትኩት። በዚህኛው ጊዜ ግን ካሜራውን ወደ ሌላኛው ልጅ መቀመጫ ቀየርኩት።

ከእሱ ወንበር ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። ከቀጥታው መሀል ጀምሮ በቀኜ አለ። የመኪናው አፍንጫ የእኔ መኪና በር ጋ ደርሷል። መስመሩን ይዟል፣ ፍሬኑን በሰዓቱ ይዟል፣ የትም አልሄደም። ከዚያ ግራው ላይ ያለው መኪና ያለ ምንም ምልክት ይዘጋበታል። ያ መኪና እኔ ነኝ። ልጁ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። የውድድር ሕጉ ግልጽ ነው፤ አጠገባችሁ በበቂ የገባ መኪና ካለ ቦታ ትተዉለታላችሁ። ራዳሩን ባላጠፋ፣ ስፖኪዮውን ባላጠፋ አየው ነበር።

ለረጅም ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱ መሪውን መልሼ አሰርኩት።

ስለዚህ አቤቱታ የምትጽፉ ሰዎች፣ መመሪያው የሚለውን ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት ከሌላው ሰው መቀመጫ እዩት፤ ቀጥሎ ከላይ ሆናችሁ እዩት። በተጋጫችሁበት ሌሊት ደግሞ ምንም አትጻፉ። ሌላም የማይረሳ ነገር አለ፦ ስክሪናችሁ ላይ የምታዩት መኪና በትክክል እዚያ ላይሆን ይችላል። መረጃው በኢንተርኔት እስኪደርስ ጌሙ ቦታውን በግምት ነው የሚስለው። በ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብትዘገዩ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ መኪና ርዝመት ይበልጣል። ለዚህ ነው ከሰው ጎን ስትሄዱ ከሚያስፈልገው በላይ ቦታ ተዉ የምለው።

መልሶ መውጣቱ ቀላል ግን አሰልቺ ነበር። የጌሙ ምክር «በማጣሪያው ጥሩ ቦታ ያዝ፣ ከፊት ከሆንክ ከግርግሩ ታመልጣለህ» ነው። ለጀማሪ መጥፎ ምክር ነው። ከፊት ያሉት ከእናንተ የሚፈጥኑ ናቸው፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ይገፏችኋል። እኔ ሰዓት ሳላስመዘግብ ከመጨረሻ መነሳት ጀመርኩ። አንዳንዴ ሁሉም ካለፉ በኋላ ነው የምነሳው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሌሎቹ ሲጋጩ ከሩቅ እያየሁ አልፋለሁ። ሳልነካ ብቻ እየጨረስኩ፣ አጭሩን ውድድር ትቼ ረጅሙን እየመረጥኩ፣ በአንድ ወር ነጥቤ ተመለሰ።

ልምምዴንም ቀየርኩ። ለብቻ መዞር አቆምኩና ኮምፒውተሩ የሚነዳቸውን መኪኖች ከፊቴ አሰለፍኩ። ነዳጁን ሙሉ አደርጋለሁ። ሆን ብዬ ጭራ ላይ እለጠፍና ፍሬን ቀደም ብዬ እይዛለሁ። ምን ያህል ቀደም? ሞንዛ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ ሁለት መኪና ከፊቴ ካለ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም የበዛ እስኪመስለኝ ድረስ ነበር የማስቀድመው። አልበዛም።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሞንዛ ላይ፣ እዚያው ቀጥታ ላይ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለት መኪና ጭራ ላይ ነበርኩ። ራዳሩ በቀኜ ቀይ አሳየ። ቀድሜ ያዝኩ፣ ግራዬን ይዤ ቀረሁ፣ ሰውየውን አሳለፍኩት። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ቀረሁ። ዘጠነኛ ጨረስኩ፣ መኪናዬ ላይ አንድ ጭረት ሳይኖር። ከመጀመሪያዋ ፈጣን ሰዓቴ ይልቅ ይህች ዘጠነኛነት ትበልጥብኛለች።

ያን ማታ ለልጁ ጻፍኩለት። የዚያን ቀን ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ የጻፍኩለትም ቃል እንደማይገባው ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። በማግስቱ መለሰልኝ፦ «የቱ ውድድር ነው?»

ሪፕሌዩን ላክሁለት፤ ከእሱ መቀመጫ የሚታየውን።