የነሐሴ ቦርከናና የጥር ቦርከና

ወንዝ ዳር ለሚተከል ፋብሪካ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ሲቀርብ ብዙ ሰው ቶሎ ገልጦ የሚያየው የማጣሪያ ጣቢያውን ሥዕል ነው። እኔ ቀድሞ መታየት አለበት የምለው የወንዙ ፍሰት በየትኛው ወር እንደተለካ ነው። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የቦርከና ወንዝ በነሐሴ ደፍርሶ እየጮኸ ይወርዳል። በጥር ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ቦታ አያጣም። ፋብሪካው ግን በሁለቱም ወር የሚለቀው ያንኑ ያህል ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የቆዳ ፋብሪካ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይለቃል እንበል። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ብረት፣ ክሮሚየም፣ በሀገራችን የፍሳሽ ደረጃ ጣሪያ ላይ፣ በሊትር 2 ሚሊግራም ይሁን። ሕግ አልጣሰም፤ በቀን 2 ኪሎ ክሮሚየም ግን ወንዝ ገባ። ወንዙ በሰከንድ 2,000 ሊትር የሚፈስ ከሆነ ተቀላቅሎ በሊትር 0.012 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 50 ሊትር ብቻ የሚወርድ ጅረት ከሆነ 0.38 ይደርሳል። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ለመስኖ ውኃ የሚመክረው ጣሪያ 0.1 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ደግሞ 0.05። ጎመኑና ሽንኩርቱ በፓምፕ የሚጠጣው ደግሞ ውኃው በሚሳሳበት በበጋ ነው።

ስለዚህ ፈቃዱ በበጋው ወንዝ ልክ መጻፍ አለበት። የሚሊግራም ጣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ በቀን ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድም በግልጽ ይስፈር። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅም፣ ቢራም፣ ቆዳም፣ ብረታ ብረትም ያለባት ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በ75 ሄክታር ላይ ያረፈው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እያንዳንዱ ለብቻው ደረጃውን ቢያሟላ እንኳ ወንዙ የሚሸከመው ድምሩን ነው። አዲስ አመልካች ሲመጣ ከበላዩ ያሉት የሚለቁት ተደምሮ፣ የቀረው አቅም ስንት እንደሆነ ሰነዱ ካላሳየ ወደ አጥኚው መመለስ ይገባዋል።

ማጣሪያው ላይ ስንመጣ ዋናው ነገር ቱቦ መለየት ነው። በቆዳ ፋብሪካ ፀጉር የሚነቀልበት የኖራና የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲዳማው የክሮም ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል፤ ጉድጓድ ሊጠርግ የወረደ ሠራተኛ ይሞትበታል። የክሮሙ ፍሳሽ ለብቻው ገንዳ ገብቶ፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) በኖራ ወይም በማግኒዥየም ኦክሳይድ ወደ 8 ተኩል ገደማ ሲወጣ ክሮሚየሙ ይዘቅጣል። ይህ ዝቃጭ የት ይሄዳል? ብዙ ሰነድ ላይ መልሱ አንድ መስመር ነው። ወንዝ ዳር ክፍት መደብ ላይ የሚደርቅ ከሆነ የሐምሌ ጎርፍ መልሶ ወንዝ ይከተዋል፤ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያ፣ ውኃ የማያሳልፍ ወለልና ከጎርፍ መድረሻ በላይ ያለ ቦታ በፈቃዱ ላይ በቅድመ ሁኔታነት ይግቡ።

የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ የሚጣራው በአብዛኛው በባክቴሪያ ነው፤ ለዚህ በብዛት የሚውለው ባክቴሪያ አየር ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያው ይቆማል፤ ጥፋቱ ከረዘመ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል፤ ማጣሪያው ወደ አቅሙ እስኪመለስ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ጀነሬተር አለ ሲባል ከየትኛው መስመር ጋር እንደተገናኘ ወርዶ ማየት ያስፈልጋል፤ የማምረቻውን ብቻ የሚያነሳ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ምርቱ ይቀጥላል፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ይወጣል። ቢያንስ የአንድ ቀን ፍሳሽ የሚይዝ መጠባበቂያ ገንዳም ያስፈልጋል።

ክትትሉን በተመለከተ፣ ረፋድ ላይ በአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ናሙና ብዙ አይናገርም። ሌሊት የተለቀቀውን አያይም። በየሰዓቱ ለ24 ሰዓት ተቀድቶ የተቀላቀለ ናሙና ይሁን። ለብረት ምርመራ የሚሄደው በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረግ፣ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቆሻሻው ሲበሰብስ ለሚፈጀው ኦክስጅን ምርመራ የሚሄደው በበረዶ ሳጥን ይያዝ። ከውኃው ጋር ደለሉም ይወሰድ። ክሮሚየም ከጭቃው ጋር ስለሚቀመጥ፣ ውኃው ንጹሕ መስሎ በወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ዳር ያለው ለስላሳ ጥቁር ጭቃ ግን ተሸክሞት ሊገኝ ይችላል።

ከታች ያሉትም ይጠየቁ። ቦርከና ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን የሚያጠጣው እዚያ ነው። ውኃው ከዚያም አልፎ ወደ አዋሽ ስለሚሄድ ጉዳዩ የክልል ድንበር ይሻገራል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማው ይሁንታ ሳያገኝ የኢንቨስትመንትም ሆነ የሥራ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይላል፤ ሰነዱም ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲሆን ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ እሱን በቀጥታ ባይነካውም፣ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ አቤት እንዲል መብት ሰጥቷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለፈበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 30 ቀኑ ከአቤቱታው ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ሲገባ በእጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ማስደረግ እንዳይረሳ።