የአን ሃታዌይ ስምና የእረኛው ኑዛዜ

ዛሬም ያመሸሁት ከአን ሃታዌይ ጋር ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቃት የዊሊያም ሼክስፒር ሚስት በመሆኗ ነው፤ እኔ የምከታተላት ግን በእንግሊዝ በስትራትፎርድ ከተማ አጠገብ ባለችው በሾተሪ መንደር ያደገችውን የገበሬ ልጅ ነው። ራሷ የጻፈችው አንዲት መስመር እንኳ ስላልተገኘ፣ የዘር ሐረጓን የሚፈልግ ሰው ወንዶች ካጻፏቸው ወረቀቶች ውስጥ ስሟን መልቀም ግድ ይለዋል።

ፍለጋው ገና ከጅምሩ ይቋረጣል። የመቃብሯ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1623 በ67 ዓመቷ ማረፏን ስለሚናገር፣ የተወለደችው በ1555 ወይም በ1556 መሆን አለበት፤ የስትራትፎርድ ደብር የጥምቀት መዝገብ ደግሞ የሚጀምረው ከ1558 ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ቀድማ በመወለዷ ክርስትና የተነሣችበት ቀን ጠፍቶ መቅረቱ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አባቷ ሪቻርድ ሃታዌይ በ1581 ባደረገው ኑዛዜ «አግነስ» ብሎ ይጠራታል፤ በጊዜው ይህ ስም «አኒስ» ተብሎ ይነገር ስለነበር ከአን ጋር እንደ አንድ ስም ይቆጠር ነበር። ለሠርጓ ቀን 6 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ4 ፔንስ እንዲሰጣት አዝዟል። በኖቬምበር 1582 ለጋብቻዋ በ40 ፓውንድ ዋስ የሆኑት ሁለት ገበሬዎች ስማቸው በዚሁ ኑዛዜ ላይ መገኘቱን ሳይ፣ አባቷ ቢሞትም ጎረቤቶቹ እንዳልተለዩዋት ተረዳሁ። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇ ሱዛና በሜይ 1583 ተጠመቀች።

በእኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። በእንግሊዝ ግን ከሠርጉ በኋላ ሃታዌይ የሚለው ስም ስለሚቀር፣ ፈላጊው በባሏ ስም እንደ አዲስ መጀመር አለበት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት ወረቀት የቶማስ ዊቲንግተን ነው። ይህ ሰው የአባቷ እረኛ ነበር፤ ሪቻርድ በኑዛዜው የእረኛው 4 ፓውንድ ከ6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ እንዳለበት አምኗል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1601፣ እረኛው በተራው ሲናዘዝ 40 ሽልንግ ለስትራትፎርድ ድሆች ሰጠ፤ ገንዘቡም የሚገኘው በሼክስፒር ሚስት በአን እጅ መሆኑን አስጻፈ። ያገባች ሴት ገንዘብ በሕግ የባሏ በነበረበት ዘመን ይህ እረኛ የባሏን ሳይሆን የእሷን እጅ ጠቀሰ። ሰዎች አብዝተው የሚያወሩት ባሏ በ1616 ስለተናዘዘላት አልጋ ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ አልጋ ይልቅ እሷን የሚያሳየኝ ይህ 40 ሽልንግ ነው።

ከመተኛቴ በፊት በመቃብሯ ላይ በላቲን የተቀረጸውን አነበብኩ። ተናጋሪው ልጅ ነው፤ እናቱ ጡቷን፣ ወተቷንና ሕይወትን ሰጥታው ሳለ እሱ በምላሹ የሚሰጣት ድንጋይ ብቻ በመሆኑ ያለቅሳል።